ባዶ የተተወው ድርሻ

የወይራምባ ሚካኤል ተማሪዎች ጎጆዎች ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከወይራው ጫካ ሥር ተደርድረዋል ቢባል ውሸት ይሆናል፤ ተበትነዋል። አንዷ ፊቷን ወደ ገደሉ፣ አንዷ ወደ ምንጩ፣ አንዷ ደግሞ ጀርባዋን ለሁሉም ሰጥታ፣ የተጣሉ ጎረቤታሞች መስለው ቆመዋል። ፀሐይ ማዘንበል ስትጀምር ግን ከሁሉም አንድ ዓይነት ጉርምርምታ ይነሣል፤ የቃል ጸሎት የሚደገምበት ሰዓት ነው። ከሩቅ ለሚሰማው መንገደኛ የንብ ቀፎ ይመስለዋል፣ ቆሞም ያማትባል። ቀረብ ብሎ ለሚያዳምጥ ግን ከደጋሚዎቹ አብዛኞቹ የሚያስቡት ስለ ነገ ቁራሽ መሆኑ ከድምፃቸው ያስታውቃል።

ስሜነህ ከአብዛኞቹ አንዱ ነበር፤ ራሱም አይክደውም። ከቆላ ወጥቶ ወደዚህ ደጋ ሲመጣ አባቱ በጸሎት ትበረታለህ ብለው መርቀው ነበር የሸኙት፤ የበረታው ግን በብርድ ነው። ንባቡ ጥርት ያለ ነው፣ የተሰጠውን ቀለም ቶሎ ይይዛል፣ መምህሩ የኔታ ኅሩይም ስሙን የሚጠሩት ደስ እያላቸው ነው። ሆኖም ደበሎውን ተከናንቦ ሲጋደም፣ የምለውን የሚሰማኝ አለ ወይ ብሎ ራሱን በጠየቀ ቁጥር ልቡ እንደ እርጥብ እንጨት ይሆንበታል፤ ይጨሳል እንጂ አይነድም።

የሚነደው የጎጆ ጓደኛው ቢያድግልኝ ነበር። እናቱ ወይዘሮ ይርገዱ ከእሱ በፊት የወለዷቸውን ሁሉ አንድ በአንድ ቀብረው፣ ለመጨረሻው ልጃቸው ስም ሳይሆን ልመና አወጡለት። ልመናቸው ተሰምቶ አደገ፤ እንዲያውም በዛ። ጎጆዋ ሁለት ሰው ታስተኛለች ቢባልም በእውነቱ የምታስተኛው አንድ ተኩል ነው፤ ቢያድግልኝ በእንቅልፉም ስለሚሰፋ ግማሹ ሁልጊዜ ስሜነህ ነበር። ሲጸልይ ግን ያ ሁሉ ቁመት ተጣጥፎ እንደ ሕፃን ያንሳል። ስሜነህ እያየው ይቀና ነበር፤ በቁመቱ ሳይሆን በማነሱ።

ዳዊት ሲደግሙ ይቀባበላሉ። ስሜነህ አንዱን ሐረግ ይላል፣ ቢያድግልኝ ቀጣዩን ይወስዳል፤ ደግሞ ስሜነህ፣ ደግሞ ቢያድግልኝ፤ ሁለት ሰው ቃሬዛ ተሸክሞ ዳገት እንደሚወጣ፣ አንዱ ሲደክም አንዱ እየሳበ። ቢያድግልኝ አንድ የማይድን ስሕተት ነበረበት። በግዕዝ ንባብ መጨረሻው ቀና ብሎ የሚነበብ ቃል አለ፣ ተነሽ ይሉታል፤ ረገብ ብሎ፣ ዐርፎ የሚነበብም አለ፣ እሱን ወዳቂ ይሉታል። ቢያድግልኝ ወዳቂውን ሁሉ ያነሣዋል። ቃሉ ሊያርፍ ጎንበስ ሲል በጅራቱ ይዞ ብድግ ያደርገዋል። የኔታ «የወደቀ አታንሣ፣ ቢያድግልኝ» ይሉታል፤ ተማሪው ይስቃል፣ እሱም ይስቃል፣ በማግሥቱ ደግሞ ያነሣል። የጎረቤት ጎጆው ሞላልኝ፣ ከቀለሙ ይልቅ አፉ የሚፈጥነው፣ ቢያድግልኝ ለትንሣኤ ዕለት መላእክቱን ሥራ ያስፈታቸዋል እያለ ያሾፍ ነበር።

ከሰኔ ሚካኤል ማግሥት ተስቦ ገባ። ሌሎቹን ነካክቶ ትቷቸው ሄደ፤ ቢያድግልኝን ይዞ ቀረ። በትኩሳቱ ውስጥ ሆኖ እንኳ ድርሻውን አልተወም፤ ስሜነህ አጠገቡ ቁጭ ብሎ አንዱን ሐረግ ሲል፣ እሱ በደረቀ ከንፈሩ ቀጣዩን ያወጣ ነበር፤ ወዳቂውንም እያነሣ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ የሣር ክዳኑን ሲደበድብ፣ ስሜነህ የራሱን ሐረግ ብሎ ቆመ። ቢያድግልኝ አልተቀበለውም። ስሜነህ ጠበቀ፤ ሐረጉን ደገመለት፤ ደግሞ ጠበቀ። ከዚያ በኋላ ልቅሶው፣ ፍትሐቱ፣ አፈሩ ሁሉ መጣ፤ ለስሜነህ ግን ሞት የሚባለው ነገር ያ ነበር፤ ተራው ደርሶ ያልተሞላ የአንድ ሐረግ ዝምታ።

የወይራምባ ተማሪ ቤት ደንብ አለው። ለብቻው የሚደግም ሰው የሁለቱንም ድርሻ ራሱ ይላል እንጂ፣ ቀጣዩን የሚቀበለኝ አለ ብሎ መካከል ላይ ባዶ አይተውም። ለምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። የኔታ ሲጠየቁ ደጁን ከፍቶ የሚተኛ ሰው አለ ወይ ብለው መልሰው ይጠይቃሉ፤ ጠያቂው የለም ሲል፣ በል ቀለምህን ቀጥል ይሉታል። ስሜነህ ደንቡን ያውቃል፤ ሞክሮታልም። ነገር ግን የቢያድግልኝን ድርሻ በራሱ አፍ ሲለው በእጁ አፈር የሚያለብሰው መሰለው። ስለዚህ የራሱን ሐረግ ይልና፣ ቢያድግልኝ ቀጣዩን ለማለት የሚፈጅበትን ያህል ከንፈሩን ገጥሞ ይቆያል፤ ከዚያም የራሱን ይቀጥላል። ያ ባዶ እስካለ ድረስ ቢያድግልኝ ጨርሶ አልሄደም። ስሜነህ ከዚህ ዓለም የያዘው ነገር ቢኖር ያንን ባዶ ብቻ ነበር፤ እንዳይነጠቅም ለማንም አልተናገረም።

ጎጆዋ መስኮት የላትም። ውጭው ገና ብርሃን ሳለ ውስጡ ጨለማ ነው፤ ብርሃን የሚባለው በመዝጊያው ስንጥቅ ገብቶ እግር ሥር የሚወድቅ አንድ ሰንበር ብቻ ነው። የእርጥብ ሣር፣ የደበሎ፣ የጥላሸት ሽታ አለ፤ ከሁሉም ሥር ደግሞ ከቢያድግልኝ ባዶ መደብ የሚነሣ፣ ጣፈጥ ያለ የትኩሳት ሽታ፣ ስሜነህ መደቡን በአመድ ቢያሽም፣ ቄጤማ ቢጎዘጉዝም አልለቅ ያለ። አንድ ማምሻ ላይ ሐረጉን ብሎ ባዶውን ሲጠብቅ፣ ከዚያ ከመደቡ በኩል፣ ሰው ሊናገር ሲል የሚስበው ዓይነት ትንፋሽ ተሳበ። ተሳበ ብቻ፤ አልተመለሰም። ስሜነህ ዝናብ ነው አለ። ዝናብ ግን እንደዚያ አይስብም።

በሌላው ማምሻ ትንፋሹ ጉርምርምታ አስከተለ፤ ቃል የሌለው፣ ግን የሐረጉን ቁመት ያህል የሚቆይ፣ ሲጨርስም በትክክል የሚያቆም። ስሜነህ የሞላልኝ ድምፅ በግድግዳው ዘልቆ እንደሆነ ገመተና ወጥቶ አየ። ሞላልኝ ምንጩ ዳር ነጠላውን እያጠበ ነበር። ነገሩን ሲጠይቀው፣ እኔ የራሴንም ድርሻ አልደግም፣ ያንተን ልደግም ነው ወይ ብሎ ሳቀበት፤ ደግሞ ፊቱን አየና ሳቁን ተወው። ስሜነህ ተመልሶ ገባ። ጉርምርምታው እሱን ሲጠብቅ የቆየ ይመስል፣ ገና ሐረጉን ሲጨርስ ቀጠለ፤ በዚህ ጊዜ ቃል ነበረው። ቃሉም ወዳቂ ነበር፤ ሊያርፍ ጎንበስ ሲል፣ በጅራቱ ተይዞ ብድግ አለ።

ስሜነህ አልፈራም። ቢፈራ ይሻለው ነበር፤ ግን የሚወዱትን ሰው ስሕተት መስማት አያስፈራም። በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ ደበሎውን አፉ ውስጥ ጎስጉሶ አለቀሰ። ካለቀሰም በኋላ ሐረጉን አለ፤ ከጨለማውም ተመለሰለት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ እርጥብ እንጨት ነደደ። ሰው ከላይ መልስ የሚለምነው መልሱ በደጁ በኩል እንደማይገባ እርግጠኛ ስለሆነ ነው፤ ስሜነህ ግን መልስ መጥቶለት ነበር፣ ቁጭ ብሎም ቀለበው። ቀኑን ሙሉ ማምሻውን ይናፍቃል። ሲጸልይ እንባው ይወርዳል፣ ዕንቅልፉ ቀሏል፣ ስለ ቁራሽ ማሰብ ትቷል። በመንፈስ አደግሁ አለ በልቡ፤ ለዚህ ዕድገት ጓደኛውን መክፈሉ ትንሽ ቢከነክነውም፣ የተከፈለው መልሶ እየመጣ መሆኑ ያጽናናዋል። የኔታ፣ ዓይናቸው ከልጅነት ጀምሮ የማያይ፣ ሰውን በድምፁ የሚለዩ ነበሩና፣ አንድ ቀን ንባቡን እስከ መጨረሻው ሰሙ። «ስሜነህ፣ ጸሎትህ እግር አወጣ» አሉት። «ወዴት እንደሚሄድ ብቻ ተከታተለው።» ሌላው ተማሪ ምስጋና መስሎት ቀናበት። የኔታም በፍልሰታ ጾም ዳዊቱን ከዳር እስከ ዳር እንደሚሰሙት፣ ካለፈም ወንዝ ማዶ ወዳለው የዜማ ቤት እንደሚልኩት ነገሩት።

የመጀመሪያው ነገር የሆነው በልመና ላይ ነው። ስሜነህ አኮፋዳውን አንግቶ ከአንድ ግቢ በር ቆመና፣ ተማሪ ሁሉ እንደሚለው «በእንተ ስማ» ብሎ ጀመረ፤ ጀምሮም ቆመ። ቀጣዩ «ለማርያም» ነው፤ ጡት ያልጣለ ልጅ ያውቀዋል። ስሜነህም ያውቀዋል፤ ግን ቃሉ ምላሱ ላይ የለም። አፉ ከፈት ብሎ፣ ሌላ ሰው እንዲቀበለው ይጠብቃል። ውሻው እንኳ ግራ ገብቶት መጮኹን አቆመ። የቤቱ እመቤት ብቅ ብለው በማን ስም ልስጥህ ልጄ፣ ጨርሰው እንጂ አሉት። ምራታቸው ከጓሮ፣ ተማሪው የማርያምን ስም ረስቶ የእንጀራን አስታውሷል ብላ ሳቀች። ሰጡት፤ የወይራምባ ሰው ለዲዳም ይሰጣል። ስሜነህ ቁራሹን ይዞ ወንዝ ወንዙን ሲመለስ ቃሉን በልቡ ፈለገው፤ ቦታው አለ፣ ልክ ጥርስ እንደወለቀበት ድድ።

በማግሥቱ በጉባኤው ጸሎት ላይ፣ አቡነ ዘበሰማያትን ከሁሉም ጋር ሲጀምር አንዱን ይላል፣ ቀጣዩ ይጠፋበታል፤ ደግሞ አንዱን ይላል፣ ደግሞ ይጠፋበታል። በድምፅ መካከል ስለሆነ ያወቀበት አልነበረም። ለራሱም ምክንያት ሰጠው፤ የቢያድግልኝን ድርሻ ለቢያድግልኝ ስለተውሁ አፌ ለምዶት ነው አለ። ምክንያቱ አማረለት፤ ጸጋ መሰለው። ሰላምታ መስጠት ሲያቅተው፣ ሞላልኝ እንዴት አደርህ ሲለው እግዚአብሔር ብሎ ይመስገንን ሲያጣው ግን፣ ያ ምክንያት ትንሽ ጠበበው።

ወይዘሮ ይርገዱ ለልጃቸው አርባ መጡ። የሁለት ቀን መንገድ ዳቦ አዝለው፣ ጭቃው እስከ ጉልበታቸው ለብሷቸው። ተዝካሩ ከወጣ፣ ተማሪው በልቶ ከተበተነ በኋላ፣ ስሜነህን ለብቻው ጠርተው የልጃቸውን ነገር ጠየቁት፤ ምን እንደበላ፣ ማን ውሃ እንዳቀበለው፣ ስማቸውን ጠርቶ እንደሆነ። እሱም እየተንገዳገደ፣ ከየቃሉ ግማሹን እየዋጠ ነገራቸው፤ እሳቸው እንባ መሰላቸው። በመጨረሻ አንድ ነገር ጠየቁ። አብራችሁ ስትጸልዩ የእሱ ድርሻ የሚባል ነበር አሉ፤ አሁን ያንን ማን ይለዋል?

ስሜነህ «እሱው» አለ።

ወይዘሮ ይርገዱ አልደነገጡም። ስንት የቀበረች እናት ምን ያስደነግጣታል። አሰማኝ ብቻ አሉት። ማምሻውን ከጎጆዋ ደፍ ውጭ፣ ከክዳኑ ጠብታ ሥር፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ስሜነህ ገብቶ ጀመረ፤ በየሐረጉ መጨረሻ አፉን በመዳፉ ይገጥማል፤ ከመደቡ በኩልም ያለ መዘግየት፣ ጥርት ብሎ ይመለሳል። ደስታው ልቡን ሊያፈርሰው ደረሰ። እናት ልጇን እየሰማች ነው፤ ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ ባዶውን የጠበቅሁት እኔ ነኝ አለ በሆዱ።

ሲወጣ እያለቀሱ ነበር። «እግዜር ይስጥህ ልጄ» አሉት። «የእሱንም ድርሻ እየሸፈንክለት ነው።»

እኔ አይደለሁም፣ እሱ ነው ሊላቸው ቃሉን ፈልጎ ፈልጎ፣ «እሱ» የምትለውን ብቻ አገኘ።

«እሱ አይደለም» አሉ ወይዘሮ ይርገዱ፤ ድምፃቸው ቁጣ የለበትም፣ የደከመ ነው። «ከመጀመሪያው ልቅሶው ጀምሬ የማውቀውን ድምፅ ትነግረኛለህ? የሰማሁት ያንተን ነው፤ መሪውም አንተ፣ ተቀባዩም አንተ። ደግሞስ እሱ ቢሆን፣ እናቱ ጭቃ ላይ ተቀምጣ እየሰማች፣ አንዲት ቃል ሳይላት ይቀር ነበር?» ግንባሩን ስመው፣ ጨለማው ሳይዛቸው ማደሪያቸው ለመድረስ ሄዱ። ስሜነህ ከኋላቸው ቆሞ የሰማውን መልሶ አዳመጠው። ወዳቂዎቹ ሁሉ በቦታቸው ወድቀው ነበር። አንዱም አልተነሣም። ስሕተቱ መቼ እንደታረመ አያውቅም፤ ሲያስበው ረዘም ያለ ጊዜ ሆኖታል፤ እሱ ግን ደስ ብሎት ስለነበር አላስተዋለም። ከሐረጉ በፊት የምትሰማው ትንሽዬ የጉሮሮ መጥረግም የቢያድግልኝ አልነበረችም፤ ስሜነህ ራሱ ሁልጊዜ የሚጠርጋት ናት።

ያን ዕለት ቢያድግልኝን ሁለተኛ ቀበረው። የመጀመሪያው ቀብር ይቀል ነበር፤ እዚያ ቢያንስ ሬሳ ነበረ።

በማግሥቱ ደንቡን ሊፈጽም ወሰነ። ሁለቱንም ድርሻ ራሴ እላለሁ፣ ደጁን እዘጋለሁ አለ። የራሱን ሐረግ ብሎ ትንፋሽ ሳይወስድ ወደ ቀጣዩ ሊሻገር ሲል፣ ቀጣዩ ከጨለማው ቀድሞት ተባለ። ፈጠነ፤ ፈጠነበት። ስለዚህ ዝም አለ። እግሩን አጣጥፎ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ ዛሬ ጸሎት የለም ብሎ ተቀመጠ። ጥቂት ቆይቶ ከመደቡ በኩል ጉሮሮ ተጠረገ፤ የስሜነህ ሐረግ፣ የመሪው ሐረግ፣ በስሜነህ ድምፅ ተባለ። ከዚያም ዝምታ ሆነ። ያ ዝምታ ልኩ የታወቀ ነበር፤ ቢያድግልኝ ለማለት የሚፈጅበትን ያህል ስሜነህ ስንት ማምሻ የተወው፣ ያው ባዶ። አሁን ለእሱ ተትቶለታል። አልሞላውም። ባዶው እንደ ውሃ ጆሮውን ተጫነው፣ ደረቱን ገፋው፤ ምላሱ ሳያዛት ተንቀሳቅሳ ተቀበለች። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ሄደ፤ መልሶ ሲፈልገውም ቦታው ድድ ሆኖ ጠበቀው።

ጎጆዋን ለቆ ወይራው ሥር ማደር ጀመረ። ግን ማምሻ ሲሆን ድምፁ ከባዶ ጎጆ ይሰማል፤ እሱም የትም ቢሆን፣ ምንጩ ዳርም ቢሆን፣ ከንፈሩ ትንቀሳቀሳለች። በየማምሻው ጥቂት ጥቂት ቃል ከእሱ ወደዚያ ይሄዳል። ዳዊቱ አለቀ፤ ውዳሴው አለቀ፤ ከዚያ የሰው ንግግር ተከተለ፤ የውሃ ስም፣ የእንጨት ስም፣ የሞላልኝ ስም። ፍልሰታ ሲጋመስ ስሜነህ አንድ ቃል አልቀረውም።

ለሞላልኝ በእጁ ሊያስረዳው ሞከረ፤ ወደ ጎጆው ጠቆመ፣ ጉሮሮውን ያዘ፣ አለቀሰ። ሞላልኝ ዓይኑን አፍጥጦ ካየው በኋላ ቀስ ብሎ ትከሻውን ሳመው። ስሜነህ ለፍልሰታ ሱባዔ ገብቶ አርምሞ ያዘ፣ ከእግዚአብሔር በቀር ከማንም አይነጋገርም ብሎ ሞላልኝ ለተማሪው ሁሉ አወራ። ወሬው አማረ፤ ሥራውም ይመሰክራል፤ ቀን አይናገርም፣ ማታ ማታ ከጎጆው የሚሰማው ጸሎት ግን ድንጋይ ያቀልጣል። ታናናሾቹ ሲያልፍ መንገድ ይለቁለት፣ እመቤቶቹ ሳይለምን ቁራሽ ይልኩለት ጀመር። ማንም ሰው በወይራምባ እንዲህ ፈጥኖ በመንፈስ ያደገ አልነበረም። በዓይኑ የሚለምነውን ልመና ሁሉ ትሕትና ነው አሉት።

በፍልሰታው መገባደጃ፣ ጉሙ ከገደሉ ወጥቶ ግቢውን በሞላበት አንድ ማምሻ፣ የኔታ ኅሩይ እንደ ቃላቸው ዳዊቱን ሊሰሙ መጡ። መንገዱን ስለሚያውቁት መሪ አላስከተሉም፤ በትራቸው ጭቃውን እየነካች ቀረበች። ስሜነህ ከጎጆዋ ደጅ ቆሞ ነበር፤ ደበሎው ውሃ ጠጥቶ ከብዷል፣ ጥርሱ ይንገጫገጫል። ቀኑን ሙሉ የጠበቀው እሳቸውን ነው። ዓለም ሁሉ በዓይኑ ሲሳሳት እኒህ ሰው ዓይን የላቸውም፤ እኒህ ያውቁኛል ብሎ ነበር። ከውስጥ ድምፁ ሐረጉን ይላል፣ ባዶውን ይተዋል፣ ደግሞ ሐረጉን ይላል። የኔታ ደፉ አጠገብ ደርሰው ቆሙ፣ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ፤ ፊታቸው ላይ ስሜነህ ዓይቶት የማያውቅ ደስታ ወጣ። ወዲያው አንድ ሰው አጠገባቸው መተንፈሱን ሰሙና እጃቸውን ዘረጉ። መዳፋቸው የስሜነህን ትከሻ አገኘ።

«ማነህ?» አሉ።

ስሜነህ አፉን ከፈተ። የቻለውን ሁሉ ከሆዱ ስቦ አወጣ፤ የመጣው ትንፋሽ ነው። እጃቸውን ይዞ ፊቱ ላይ አስቀመጠው፤ እንባውንና ዝናቡን ባንድ ላይ ዳሰሱ፤ ፊት ግን ለየኔታ ፊት ነው፣ ስም የለውም። ጊዜ ሰጡት፤ ታጋሽ ሰው ናቸው። ሲጠብቁ ሲጠብቁ የጉንጩ ብርድ ወደ ጣታቸው ዘለቀ።

ወደ ጎጆዋ ዞረው «ስሜነህ» አሉ። «ደጅህ ላይ የቆመው ማነው?»

ድምፁ ሐረጉን መካከል ላይ አቋረጠ። ጉሮሮውን ጠረገ። «ቢያድግልኝ ነው የኔታ» አለ፣ በስሜነህ ድምፅ፣ በስሜነህ ትሕትና። «ሁልጊዜ እየመጣ ይቆማል። እንዳያዝኑ ብዬ ነው ያልነገርኩዎት።»

ስሜነህ ራሱን ነቀነቀ፤ አይደለም፣ አይደለም እያለ ነቀነቀ፤ ለዓይነ ስውር። የኔታ እጃቸውን ከፊቱ ላይ አላሸሹትም። ሁለቱን ጉንጮቹን ይዘው፣ አባት ልጁን ለረጅም መንገድ እንደሚሸኝ አድርገው ግንባሩን ሳሙት። «ሂድ ልጄ» አሉት። «እናትህ አልቅሳልሃለች፤ እኛም ጸልየንልሃል። ሕያዋንን አታንገላታ፤ ሂድና ዕረፍ።» አማተቡበት፣ ልብሱን የሙጥኝ ያሉትን ጣቶቹን አንድ በአንድ በእርጋታ አላቀቁ፣ ደፉን ተሻግረው ገቡ፣ መዝጊያውንም ከውስጥ ደገፉት፤ ድምፁ ካቆመበት ቀጥሎ አንድ ሐረግ አለና ጠበቀ፣ የኔታም እንባቸውን እየዋጡ ተቀበሉት።